ሁለት ጠረጴዛ ስትቆጥር ያመለጠህ ካርታ

ጥያቄው ይህ ነው። «ጋሼ፣ ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው፣ ታክሲ እነዳለሁ። ብላክጃክ ላይ ካርታ መቁጠር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አንድ ዴክ፣ 52ቱን ካርታ፣ በ26 ሰከንድ እጨርሳለሁ። ግን አንድ ጠረጴዛ ጋ ቆሜ ጥሩ ቁጥር እስኪመጣ ስጠብቅ ሌሊቱ ያልቃል። በሁለት ጠረጴዛ መካከል ቆሜ ሁለቱንም ብቆጥርና ጥሩ ወደሆነው ብገባስ? ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ። ሁለቱን ቁጥር እንዴት ነው የምይዘው? ያለኝ 4 ሺህ ዶላር ነው።»

ወንድሜ፣ በዚያው ከተማ 11 ዓመት ካርታ አድያለሁ። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ቆጥሬያለሁ። ጠረጴዛውን ከሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ ማለት ነው። ያሰብከውን እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ስለዚህ በደንብ ልመልስልህ።

ይቻላል። ሁለት ቁጥር ጭንቅላት ውስጥ መያዝ የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ሰው የሚበላው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ወደ አንዱ ጠረጴዛ ስታይ በሌላው ላይ ካርታ ያመልጥሃል። ያመለጠህን ካርታ ደግሞ እንዳየኸው አድርገህ ሒሳብ ትሠራለህ። ገንዘብህ የሚሄደው እዚያ ላይ ነው።

ለሌላው አንባቢ ያህል ዘዴውን ባጭሩ ላስረዳ። ብላክጃክ ከ21 ሳታልፍ ወደ 21 ተጠግተህ ዲለሩን፣ ማለትም የካሲኖውን ካርታ አዳይ፣ የምትበልጥበት ጨዋታ ነው። የመቁጠሪያው ዘዴ ሃይ-ሎ ይባላል። ከ2 እስከ 6 ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ትደምራለህ። 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግ ወይም ኤስ ሲወጣ አንድ ትቀንሳለህ። 7፣ 8 እና 9ን ታልፋቸዋለህ። ትንንሾቹ ከወጡ ካርታው የሚታደልበት ሳጥን ውስጥ የሚበዛው ትልልቁ ነው። ትልልቁ ደግሞ ለተጫዋቹ ይሻላል። ብላክጃክ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21 መሙላት፣ የሚመጣው በእሱ ነው። ዲለሩም ከ12 እስከ 16 ይዞ የግድ ሲስብ ከ21 አልፎ የሚቃጠለው በእሱ ነው። እንዲህ እየደመርክ የምትይዘውን «ጥሬ ቁጥር» ልበለው። ጥሬው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ገና ያልታየው ካርታ ስንት ዴክ እንደሆነ ገምተህ ለዚያ ታካፍለዋለህ። +6 ይዘህ ሦስት ዴክ ከቀረ የተካፈለው ቁጥር +2 ነው። ደህና ሕግ ባለው የስድስት ዴክ ጠረጴዛ ቤቱ፣ ማለትም ካሲኖው፣ መጀመሪያ ላይ በግማሽ በመቶ ገደማ ይበልጥሃል። የተካፈለው ቁጥር በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ግማሽ በመቶ ገደማ ወደ አንተ ይዞራል። +1 ላይ እኩል ናችሁ። ከ+2 ጀምሮ ሚዛኑ ወዳንተ ያደላል።

አሁን ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። አምስት ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ በሰዓት 70 ዙር ያህል ይጫወታል። አንድ እጅ በአማካይ 2.7 ካርታ ይወስዳል። ከዲለሩ ጋር ስድስት እጅ ስለሆነ በዙር 16 ካርታ ገደማ ይወጣል። በደቂቃ 19 ማለት ነው። ሁለት ጠረጴዛ ሲሆን 38። አንተ 52 ካርታ በ26 ሰከንድ ከጨረስክ በደቂቃ 120 ትቆጥራለህ። ፍጥነትስ አላነሰህም።

ችግሩ ካርታ እየተንጠባጠበ አይመጣም። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ተነጋግረው ተራ አይጠብቁልህም። ግራ ያለው ዲለር የራሱን ካርታ ገልጦ፣ ከፍሎ፣ ጠረጴዛውን ለመጥረግ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጅበት። ጥሩ ዲለር ፈጣን ነው፤ እኛን ያሠለጠኑን ለዚያ ነው። በዚያች ቅጽበት ቀኝ ያለው አዲስ ዙር እያደለ ነው። አዲስ የታደለው ካርታ ይጠብቅሃል፤ ተዘርግቶ ይቆያል። የሚጠረገው ግን አይጠብቅህም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልማድህ ይህ ይሁን፦ ዐይንህ ሁልጊዜ ሊጠረግ ወደተቃረበው ጠረጴዛ ይሂድ። እንደዚያም ሆኖ ያመልጥሃል። ሁለቱም አንድ ላይ የሚጠርጉበት ጊዜ አለ።

የራሴን ልንገርህ። አንድ ሌሊት በሁለት ጠረጴዛ መካከል ቆሜ ነበር። ግራው ጥሬ ቁጥሩ +9 ደረሰ። ያለቀው ካርታ የሚቀመጥበትን ትሪ አየሁ። ሦስት ዴክ ሞልቷል፣ ሦስት ይቀራል። +9ን ለሦስት አካፍዬ +3 ነው ብዬ ገባሁ። ሦስት እጅ በ200 በ200 ዶላር አስይዤ ሦስቱንም ተበላሁ። መበላቱ አይደለም የቆጨኝ። በጥሩ ቁጥርም ሰው ይበላል። ቤት ገብቼ ሳስበው፣ ቀኙን ስከታተል ከግራው አራት ዙር ሙሉ አምልጦኛል። 64 ካርታ፣ ከአንድ ዴክ በላይ። ትሪው ላይ ያየሁት ሦስት ዴክ እውነት ነው፤ እኔ የቆጠርኩት ግን ከሁለት ዴክ ያነሰ ነው። ማካፈል የነበረብኝ ለ3 ሳይሆን ለ4.2 ነበር። +2 ብቻ ነበር የያዝኩት። +3 ላይ የማስይዘውን በ+2 አስያዝኩ።

ይህችን ነገር ከያዝክ ከዚህ ጽሑፍ ዋናውን ወስደሃል። ያላየኸው ካርታ ትሪው ውስጥ ይተኛ ሳጥኑ ውስጥ፣ ላንተ ልዩነት የለውም። ሁለቱም ያልታወቀ ካርታ ነው። ስለዚህ ስታካፍል ትሪውን ብቻ አትይ። «ስንት ዴክ አየሁ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ፤ ከስድስት ቀንስ፤ ለዚያ አካፍል። አንድ ዙር ባመለጠህ ቁጥር ሲሶ ዴክ ያህል ወደማይታወቀው ወገን ጨምር። ሦስት ዙር ካመለጠህ አንድ ዴክ ሞላ በል። እንዲህ ስታደርግ የምትይዘው ቁጥር ትንሽ ይሆናል፤ ግን አይዋሽህም።

በተመሳሳይ ምክንያት፣ ጨዋታው ከተጋመሰ ጠረጴዛ ጋ ደርሰህ ከዜሮ መቁጠር ብትጀምር ስህተት አይደለም። ነገር ግን ትሪው ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዳልታየ መውሰድ አለብህ። አምስት ዴክ ለማይታወቅበት ጠረጴዛ +2 ለመድረስ ጥሬው ቁጥር +10 መሆን አለበት። እዚያ ሳይደርስ ካርታው ይበወዛል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰዎች ብዙም ሲያነሱት አልሰማሁም። ከፊል ያየኸውን ዙር አትቁጠር። በዐይንህ ጥግ ስታይ የሚይዝህ ሥዕል ያለበት ካርታ ነው። ኪንግና ኩዊን ከሩቅ ይታያሉ። 4 እና 5 ግን ከእጅ ሥር፣ ከቺፕ ኋላ ይሸሸጋሉ። ያየኸውን ብቻ ከደመርክ ትልልቁን እየሰበሰብክ ትንንሹን ትጥላለህ። ቁጥርህ ከእውነቱ በታች ይዘቅጣል፤ ጥሩውን ጠረጴዛ መጥፎ ነው ብለህ ትተኸው ትሄዳለህ። ዙሩን ሙሉ ካላየኸው ሙሉውን ጣለው። ይህ ለጀማሪ በጣም ይከብዳል፤ ያየኸውን መተው እንደ ኪሳራ ይመስላል። አይደለም።

ቁጥሮቹን ስለመያዝ ጠይቀሃል። ሁለቱን ቁጥር በአንድ ድምፅ አትያዝ። «ግራ ሰባት፣ ቀኝ ሲቀነስ ሦስት» እያልክ በውስጥህ ብትደጋግም አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ባድሊና ሂች የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እንዳሳዩት፣ ሰው በድምፅ የሚይዘውና በዐይን ወይም በቦታ የሚይዘው ነገር በተለያየ መንገድ ነው የሚሄደው። ይህን ተጠቀምበት። ዋናውን ጠረጴዛ በድምፅ ያዝ፤ በልብህ ቁጠረው። በየትኛው ቋንቋ እንደምትቆጥር ደግሞ ቀድመህ ወስን። በአማርኛ ጀምረህ ዲለሩ በእንግሊዝኛ ነጥብ ሲጠራ ቁጥርህ ሲደባለቅ ታየዋለህ። እኔ በአማርኛ ነበር የምቆጥረው፤ በጠረጴዛው ላይ የሚጠራው «ሰቨንቲን» ከእኔ «ሰባት» ጋር አይጋጭም ነበር።

ሁለተኛውን ጠረጴዛ በጣት አንጓ ያዝ። አያቶቻችን እንደሚቆጥሩት። አውራ ጣትህ አራቱን ጣቶች ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ሦስት አንጓ አለ። አሥራ ሁለት ድረስ ይበቃሃል። ቀኝ እጅ ለድምር፣ ግራ እጅ ለቅናሽ። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት ወይም ከጎንህ አሳርፈው። አውራ ጣትህ የቆመበት አንጓ ቁጥሩን ያስታውስልሃል፤ አንተ ማስታወስ የለብህም። ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው። አንድ ሰው መጠጥ ይዞ ገፍቶህ ቢያልፍ እንኳ ጣትህ እዚያው ነው።

አሥራ ሁለት ያንሳል ትለኝ ይሆናል። ሁለተኛውን እስከ መጨረሻው አትቆጥረውምና አያንስም። እንዲህ አድርግ። ዋና ጠረጴዛህን ገና ተበውዞ ሲጀምር ያዘው። ጎረቤቱ ሲበወዝ ደግሞ በአንጓ ጀምርለት። ከዋናው አንድ ዴክ ተኩል ያህል ካየህ በኋላ ፍረድ። የተካፈለው ቁጥር +1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ ርሳው። ዐይንህን ከዋናው አታንሳ። −1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዋናውን ጣለውና ሁለተኛው ዋና ይሁን። ሁለቱንም የምትሸከመው ነገሩ ገና ዜሮ አካባቢ ሲያንዣብብ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቁጥሮቹ ትንንሽ ናቸው።

መጥፎውን ቶሎ ጣለው የምልህ በምክንያት ነው። ብዙ ቆጣሪ −2 ላይ ቆሞ «አሁን ይመለሳል» ይላል። ሒሳቡ ይህን አይልም። የተካፈለው ቁጥር በአማካይ ባለበት ይቆያል። ወደ ላይ ሊሄድ ይችላል፣ ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል። ዛሬ −2 ያለው ጠረጴዛ ሃያ ካርታ ካለፈ በኋላ የሚጠበቀው −2 ነው። ዕዳ ያለበት ይመስል ተመልሶ የሚከፍልህ ነገር የለም። ስለዚህ ሁለተኛው ጠረጴዛ የሚጠቅምህ አብረህ ስለምትቆጥረው ሳይሆን ከመጥፎው የምትሸሽበት ስለሆነ ነው። ባላው ለዚህ ነው የሚተከለው።

ቦታ አመራረጥ ላይ ብዙ አልልህም። ጎን ለጎን ያሉ ጠረጴዛዎችን ምረጥ። ከመተላለፊያው ማዶና ማዶ ያሉትን ተው። አንገትህ ቴኒስ እንደሚያይ ሰው ከዞረ ከላይ ካሜራው ላይ የተቀመጠው ሰው ወዲያው ያውቅሃል። ካርታ ራሱ የሚበውዝ ማሽን ያለማቋረጥ የሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ መቁጠር ዋጋ የለውም። ካርታው እስኪበወዝ አዲስ ሰው አይገባም የሚል ምልክት ካለም ዕቅድህ እዚያ አይሠራም። ብላክጃክ 3 ለ2 ሳይሆን 6 ለ5 የሚከፍለውን ደግሞ ዞር ብለህ አትየው። በ100 ዶላር 150 ማግኘት ሲገባህ 120 ይሰጥሃል። ብላክጃክ ከ21 እጅ አንዴ ያህል ይመጣል። በጠቅላላው 1.4 በመቶ ገደማ ይወስድብሃል። አንተ ለፍተህ የምታገኘው 1 በመቶ ነው።

ብዙ ጠረጴዛ መያዝ ለሚፈልግ እውነተኛው መልስ ሌላ ሰው ነው። ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባለው የሒሳብ ሊቅ መቁጠር እንደሚያዋጣ በ1962 ለሕዝብ ካሳወቀ በኋላ፣ ቆጣሪዎች ለብቻቸው ይሠሩ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አል ፍራንቼስኮ የሚባል ቆጣሪ ሥራውን ከፋፈለው። ቆጣሪዎች በየጠረጴዛው ተቀምጠው በትንሽ ገንዘብ ይጫወታሉ። አንዱ ጠረጴዛ ጥሩ ሲሆን ምልክት ይሰጣሉ። ትልቅ ገንዘብ የያዘው ሰው ይመጣና ያስይዛል። እሱ ራሱ ምንም ሲቆጥር አይታይም። ኬን ዩስተን የሚባለው ቆጣሪ ከዚያ ቡድን ነው የወጣው፤ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ኋላ በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ተመልከት፣ እነዚያ ሁሉ ጎበዝ የሒሳብ ሰዎች አንዱን ሰው ሁለት ጠረጴዛ አላስያዙትም። ለአንድ ጠረጴዛ አንድ ጭንቅላት ነው የመደቡት።

ጥሩ ቁጥር ሲመጣ ብዙ ለመጫወት ከፈለግህ ደግሞ ሁለት ጠረጴዛ ሳይሆን በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቦታ ያዝ። በአንድ ቦታ 100 ልታስይዝ ከነበረ በሁለት ቦታ 75፣ 75 አድርገው። ሁለቱም በአንድ ዲለር ላይ ስለሆኑ አብረው የመውደቅ ጠባይ አላቸው፤ ያም ሆኖ አደጋው ከመጀመሪያው 100 ጋር ይቀራረባል። ያስያዝከው ግን 150 ሆነ። ይህ የሚሠራው ሌሎች ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ሲኖሩ ነው። ብቻህን ከሆንክ ጥሩውን ካርታ ራስህ ቶሎ ትጨርሰዋለህ።

ስለ ሕጉ በግልጽ ልንገርህ። በጭንቅላትህ መቁጠር ወንጀል አይደለም። ስልክ፣ ሰዓት ወይም ሌላ ማንኛውም መሣሪያ ተጠቅመህ መቁጠር ግን ቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ግዛት ከ1985 ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው። «ሁለተኛውን ጠረጴዛ በስልኬ ልያዘው» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ከሥሩ ንቀለው። መቁጠሩ ወንጀል ባይሆንም ካሲኖው እንዳትጫወት ሊከለክልህ ይችላል። አትላንቲክ ሲቲ ላይ ዩስተን ተሟግቶ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ቆጣሪ ስለሆነ ብቻ ሊያስወጡት አይችሉም ብሎ ፈርዶለታል። አንተ ያለኸው ግን ቬጋስ ነው።

እዚያ የሐበሻ ዲለር ብዙ እንደሆነ ታውቃለህ። የምታውቀው ሰው ወደሚያድልበት ጠረጴዛ እባክህ አትሂድ። ሰላምም አትበለው። አንተ ስትያዝ የሚደርስብህ «ውጣ» መባል ነው። እሱ ግን ተመሳጥሯል ተብሎ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ልጆች የሚያሳድግበትን ሥራ።

አሁን ወደ 4 ሺህ ዶላርህ። ይህን ሳልነግርህ ብተው እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁሉም ነገር ተሳክቶልህ በሰዓት 20 ጥሩ እጅ ተጫወትክ እንበል። በእጅ 100 ዶላር አስያዝክ፣ ብልጫህ 1 በመቶ ነው። በሰዓት የሚጠበቅልህ 20 ዶላር ነው። በዚያው ሰዓት ገንዘብህ 500 ዶላር ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዋዠቁ ግን የተለመደ ነው። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። በዚህ አያያዝ ከቀጠልክ 4 ሺህው አንድ ቀን ዜሮ የመግባቱ ዕድል ከግማሽ በላይ ነው። ሳትሳሳት ቆጥረህ። በ20 ሺህ ዶላር ብትጀምር ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። በ4 ሺህ ዶላር 25፣ 25 ብታስይዝ 9 በመቶ ገደማ ነው፤ ያኔ ግን የሚጠበቅልህ በሰዓት 5 ዶላር ነው። በታክሲህ ከዚያ የበለጠ ታገኛለህ። 4 ሺህው የቤት ኪራይ ወይም አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ አትንካው።

መሞከር ከፈለግህ እንዲህ ተለማመድ። ሁለት ዴክ ውሰድ። ጓደኛህ ከእያንዳንዱ ሦስት ካርታ ሳያሳይህ ይሸሽግ። ሁለቱን ጎን ለጎን በተራ ሳይሆን በዘፈቀደ ይዘርጋልህ፤ አንዴ ከግራ አራት፣ አንዴ ከቀኝ አምስት፣ አንዳንዴ ከሁለቱም እኩል። ቶሎ ቶሎም ይጥረገው። መጨረሻ ላይ የሁለቱን ቁጥር ንገረው። አንድ ሙሉ ዴክ ዜሮ ላይ ስለሚያልቅ፣ የተሸሸጉት ሦስቱ ድምራቸው ስንት እንደሆነ ቁጥርህ ይናገራል። +2 ላይ ካበቃህ የተሸሸጉት ድምር −2 መሆን አለበት። ከሃያ ሙከራ አሥራ ዘጠኙን በሁለቱም ዴክ እስክታገኝ ካሲኖ አትግባ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ አምስት ሌሊት ገንዘብ ሳትይዝ ሂድ። ቆመህ ቁጠር ብቻ። ስንት ዙር እንዳመለጠህ ቤት ስትገባ ጻፈው። ቁጥሩን ላክልኝ፤ ያንን አይቼ ሁለት ጠረጴዛ ያዋጣህ እንደሆነ እነግርሃለሁ።